በጤና ሙያ ያገለገለች እናትን ታሪክ መሰብሰብ፦ ከጅማ የአንድ ቤተሰብ ተሞክሮ

ባለቤቴ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከ30 ዓመት በላይ፣ በመጀመሪያ በነርስነት፣ ኋላም በአዋላጅ ነርስነት ያገለገለች የ3 ልጆች እናት ነበረች። በ2014 ዓ.ም ካረፈች በኋላ ከልጆቻችን ጋር ሆነን የሕይወቷን ታሪክ ከሚያውቋት ሰዎች አፍ እየሰበሰብን በአንድ ጥራዝ አኑረናል። ይህን የሰሙ፣ እነርሱም በጤና ሙያ ላይ የኖረች እናት ወይም የትዳር ጓደኛ በሞት ያጡ ቤተሰቦች ሥራውን እንዴት እንደጀመርነውና ምን እንደገጠመን ስለሚጠይቁኝ፣ ለሌሎችም ይጠቅማል በሚል ተስፋ ጽፌዋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። የጤና ባለሙያ ታሪክ አብዛኛው በቤቷ ውስጥ አይገኝም። ያለው ባገለገለቻቸው ሰዎች ዘንድ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው በአንድ ስፍራ የሚሰበሰቡት በለቅሶው ሰሞን ብቻ ነው።

በቀብሯ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ወንድሟና የእድራችን ጸሐፊ ሌሊቱን ተቀምጠው ነበር ያዘጋጁት። የተወለደችበት ቦታና ዘመን፣ የተማረችባቸው ትምህርት ቤቶች፣ የሠራችባቸው ጤና ጣቢያዎችና የልጆቿ ቁጥር በቅደም ተከተል ተጽፈዋል፤ በመጨረሻም እንደ ወጉ «ሰው አክባሪ፣ ደግና ታታሪ ነበሩ» ይላል። በዚያ ሐዘን መካከል፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከዚህ የተሻለ መጻፍ ለማንም የሚቻል አይመስለኝም፤ ለሁለቱም ያለኝ ምስጋና ታላቅ ነው። ሆኖም ወረቀቱ ሲነበብ እያለቀሱ ከቆሙት ሴቶች መካከል ብዙዎቹን እኔም ልጆቼም አናውቃቸውም ነበር። ከዴዶ ወረዳ የመጡ ነበሩ፤ ከሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ የመጡም ነበሩ። ከእምነታችን ውጭ የሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መግባት ስላልፈለጉ ከበሩ ላይ ቆመው የሚያለቅሱ እናቶችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ይህን ያህል መንገድ ለምን እንደመጡ በተነበበው ወረቀት ላይ አልተገለጸም፤ የጻፉት ሰዎችም ሊያውቁት አይችሉም ነበር።

ታላቋ ልጃችን ይህን አስተውላ በማግሥቱ ድንኳኑ ውስጥ ደብተር ይዛ መቀመጥ ጀመረች። አንዳንድ ዘመዶች ለቅሶ ላይ መጻፍ ነውር መሆኑን ነግረዋት ነበር፤ እኔ ግን አልከለከልኋትም፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰውም አልተቀየማትም። እንዲያውም ስማቸው እንዲጻፍላቸው የሚጠይቁ ነበሩ። በዚያ ሰሞን የተማርነው የመጀመሪያው ነገር የአጠያየቅ ጉዳይ ነው። ለመጣው ሰው «እንዴት ያለች ሰው ነበረች?» የሚል ጥያቄ ስናቀርብለት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ደግ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር። ይህ እውነት ቢሆንም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር የለበትም። «መጀመሪያ የተገናኛችሁት የት ነው? ያን ዕለት ምን ሆኖ ነበር?» ብላ ልጄ ስትጠይቅ ግን ያው ሰው ከመንገዱ፣ ከዝናቡ፣ ከቃሬዛው፣ ማን ተሸክሞ ማን እንዳበራ ጀምሮ ይነግራታል። ስለ ጠባይዋ መጠየቅ የለብንም ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠባይዋ ከተነገሩት ድርጊቶች ውስጥ ራሱ ይወጣ ነበር።

አንዲት ከዴዶ ወገን የመጡ እናት የነገሩን ለዚህ ምስክር ነው። ሦስተኛ ልጃቸውን በሰላም ከተገላገሉ በኋላ ደማቸው አልቆም ይላል። መኪና ተልኮ እስኪመጣ፣ ከዚያም ጅማ እስኪደርሱ ድረስ ባለቤቴ ማኅፀናቸውን በእጇ እንደጨመቀች አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለቅ እንደወሰደቻቸው፣ ሆስፒታል ሲደርሱም እጇ ደንዝዞ ጣቶቿን መዘርጋት አቅቷት እንደነበር ነገሩን። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ሰምቼ አውቃለሁ፤ የእርሷ እጅ በዚያ መንገድ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ግን ያወቅሁት ከዚያች እናት ነው። በዚያ ሌሊት ወደ ቤት ስትመለስ የነገረችኝ «መንገዱ አስቸጋሪ ነበር» የሚል ብቻ ነበር።

ባልደረቦቿ የነገሩን ደግሞ ሌላ ገጽታ ነበረው። ኦክሲቶሲን የሚባለው፣ ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው ለእናቲቱ የሚሰጠውና የደም መፍሰስን የሚከላከለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። አብዛኛው የሕፃናት ክትባትም እንዲሁ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ባልገባበት ወረዳ ሳለች ማቀዝቀዣው የሚሠራው በነጭ ጋዝ ስለነበር ነበልባሉ ከጠፋ ሁሉም ይበላሻል። ከእርሷ ጋር ይሠሩ የነበሩ ጡረተኛ ጤና ረዳት፣ ተራዋ ባልሆነ ሌሊት ጭምር ተነሥታ ነበልባሉን አይታ እንደምትመለስ ለልጆቼ ሲነግሯቸው፣ እኔ በጋብቻችን መጀመሪያ ዓመታት ከልብሷ የማይጠፋው የነጭ ጋዝ ሽታ ከየት ይመጣ እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ። ባልም ቢሆን የሚያየው የሰውን ሕይወት ግማሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩን የሚጽፍ የትዳር ጓደኛ «ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም» ብሎ ቤት ውስጥ ባይቀመጥ እመክራለሁ።

የሙያዋን መነሻ እኔም በከፊል አውቀው ነበር። የተማረችው በ1975 ዓ.ም በተመሠረተው በጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው፤ ይህ ተቋም በ1992 ዓ.ም ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ኢንስቲትዩቱ ገና ከጅምሩ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ፣ ቤት ለቤት ውኃውን፣ መጸዳጃውን፣ የሕፃናቱን ክብደት እያስመዘገበ በማስተማር የሚታወቅ ነበር። ባለቤቴ ይህን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተወችውም። የቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚበረታበት ጊዜ ነፍሰ ጡር ሴቶች ክትትላቸውን ትተው ጫካ ስለሚውሉ፣ ክትትል የሚሰጠውን ክፍል ይዛ እስኪመጡ ከመጠበቅ ይልቅ ቡና ማጠቢያው አጠገብ፣ የቀን ሥራው ሲያበቃና ለቃሚዎቹ ክፍያቸውን ሲጠባበቁ ትገኝ ነበር። የደም ግፊት መለኪያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በኦሮምኛ እያጫወተቻቸው የምትለካቸው ሴቶች ወረፋ ይይዙ እንደነበር አንድ የማጠቢያ ጠባቂ ነግሮናል። በ1992 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 5 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም በተደረገው ጥናት ወደ ግማሽ ተጠግቷል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በጥራዛችን ውስጥ ሰው ሰው ይሸታል፦ ቡና ማጠቢያ ላይ የተለኩ ሴቶች፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡትና እርሷ ካሠለጠነቻቸው መካከል የሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አራሷ ቤቷ እንደሆነች እንዲሰማት ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚገነፋው ገንፎና የሚፈላው ቡና።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የከበደን የሰው ምሥጢር ነው። ይህን ጉዳይ የሌላ ሙያ ሰው ቤተሰብ ያን ያህል ላይቸገርበት ይችላል፤ የጤና ባለሙያ ቤተሰብ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊያስብበት ይገባል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው፤ ባለቤቴ በዚያ ዘመን በምክር አገልግሎት ላይ ነበረች። ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ሰው በተበተነበት ምሽት አንድ ጎልማሳ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀመጠና ቤተሰቡ እንኳ የማያውቀውን፣ እርሷ ለዓመታት የያዘችለትን ነገር ነገረኝ። ልጄ ደብተሯን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። ያ ሰው ያለው ነገር በጥራዛችን ውስጥ የለም፤ ስሙም ሠፈሩም የለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የያዝነው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ባለታሪኩ በሕይወት ካለና በአንደበቱ «ጻፉት» ካላለ ስለ ሕመም የሚናገር ቃል አንጽፍም፤ ከፈቀደም ከጻፍነው በኋላ መልሰን እናነብለታለን። በዚህ ምክንያት እጅግ የሚያምሩ ታሪኮች ቀርተውብናል። እርሷ ምሥጢራቸውን እኔ እንኳ ሳላውቅ ጠብቃ ኖራ፣ እኛ እርሷን ለማክበር ብለን ብናወጣው ሥራዋን ማፍረስ ይሆን ነበር።

በቤት ውስጥ ያገኘናቸው የግል ማስታወሻ ደብተሮቿም ተመሳሳይ ጥያቄ አስነሥተዋል። አብዛኞቹ ገጾች የእናቶች ስምና የሚወልዱበት ግምታዊ ቀን የተጻፈባቸው ናቸው፤ ከአንዳንዱ ስም ጎን «ባሏ ሩቅ ነው»፣ «ደም ማነስ»፣ «ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ወደ ማቆያ» (እናቶች መውለጃቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚቆዩበት ክፍል) የሚሉ ቃላት ሠፍረዋል። የመሥሪያ ቤቱ የሆነውን መዝገብ ሁሉ ለኃላፊዋ በፊርማ መልሰናል። የግሏን ደብተሮች ግን ስሞቹን በወፍራም ጥቁር ቀለም ሸፍነን አስቀመጥናቸው። አንዳንድ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ሁሉ በእሳት ማቃጠልን ይመርጣሉ፤ ያም የሚያስወቅስ አይደለም። እኛን ያሳዘነን የእጅ ጽሑፏን ማጣት ስለነበር ነው ይህን መንገድ የመረጥነው።

ስለ ሚስትነቷና ስለ እናትነቷ የሚናገረው ክፍል በጥራዙ ውስጥ አጭሩ ነው፤ ለመጻፍ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል። ልጆቼ የእናታቸውን አለመኖር ጭምር ለመጻፍ ፈልገው ነበርና። መካከለኛው ልጄ «እማዬ ለሰው ልጅ ስትደርስ እኛ ጎረቤት ነበርን» ብሎ ጻፈ፤ አዳር በምትገባበት ሌሊት የሚያሳድሯቸው ልጆቼ «እማማ» የሚሏቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩና፣ በረመዳን ሌሊት ለስሑር ሲነሡ አብሮ እየተነሣ ይበላ እንደነበር ያስታውሳል። ዘመዶች ይህ ዓረፍተ ነገር ይውጣ ብለዋል። እኔ እንዲቀር ወስኛለሁ። እናቱን እጅግ የሚወድ ልጅ የጻፈው ነው፤ እርሷም በሕይወት ሳለች ልጆቿ ሲከሷት «እውነታችሁን ነው» ትላቸው ነበር እንጂ አታፍናቸውም። ትንሿ ልጃችን የጻፈችው ደግሞ ከአዳር ስትመለስ ስለነበረው ነገር ነው። ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ ጋዋኗን በበረኪና ዘፍዝፋ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ሳታበቃ ልጆቹን አታቅፍም ነበር፤ ትንሿ በሩ ሥር ቆማ «ጨረስሽ?» እያለች ትጠብቃት ነበር።

እኔ በበኩሌ የጻፍሁት ስለ ትምህርቴ ነው። የመምህርነት ደመወዜ ከቤት ኪራይ ብዙም በማይተርፍበት ዘመን በክረምት የምማረውን ዲግሪ ላቋርጥ ስል፣ የትርፍ ሰዓት ተራ ጨምራ ወስዳ እስክመረቅ ድረስ ወጪውን ችላለች። በእነዚያ ዓመታት ለራሷ አንዲት አዲስ ቀሚስ ስትገዛ አላየሁም። ለምረቃዬ ግን ሙሉ ልብስ አሰፋችልኝ። ይህን በሕይወት ሳለች ሰው ፊት እንዳወራው አትፈልግም ነበር፤ አሁን የጻፍሁት ልጆቼ ከየት እንደተማርሁ እንዲያውቁ ነው።

ሕመሟ የጡት ካንሰር ነበር፤ የታወቀውም ዘግይቶ ነው። ሌሎችን «እብጠት ከነካችሁ ቶሎ ኑ» እያለች ያስተማረች ባለሙያ የራሷን ጉዳይ የሥራው ብዛት ጋብ እስኪል ልታቆየው ትችላለችና፣ በቤታችሁ የጤና ባለሙያ ካለች ምርመራዋን ለእርሷ ብቻ አትተዉት፤ ቀን ቆርጣችሁ አብራችኋት ሂዱ። ነርስ መሆኗ ለራሷ ሐኪም አያደርጋትም።

በታመመችበት ወራት ከሁሉ የጠቀመን ነገር ፎቶግራፎቿን አብረን መለየታችን ነው። «ታሪክሽን ንገሪን» ማለት ለታመመ ሰው ሸክም ነው፤ ተሰናባች መሆኗን መንገርም ይሆንባታል። አንድ ፎቶግራፍ ሰጥተን «ይህቺ ማን ነች?» ስንላት ግን በራሷ ጊዜ ትጀምራለች። ጠዋት፣ የሕመም ማስታገሻዋን ከወሰደች በኋላ ሰውነቷ ጥቂት ቀለል ሲላት በትንሿ ልጃችን ስልክ ድምጿን እንቀዳ ነበር፤ ስትደክም እናቆማለን። የሰዎቹን ስምና ቦታውን ወዲያውኑ በፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ጻፍን። አንዳንዱ ቅጂ ከአጭር ሳል በቀር ብዙ የለበትም፤ አላጠፋነውም።

የወረቀቱ ጉዳይ ከታሪኩ ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ለእኛ ግን ተገናኝቷል። ሞት በተከሰተ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን በቀላሉ ስለሚረሳው ከዘመድ መካከል አንድ ሰው ኃላፊነቱን ቢወስድ መልካም ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃው የጡረታ መብትን ለማስከበርም ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት የትዳር ጓደኛው የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል፤ ባሎችም ይህን መብት እንዳላቸው የማያውቁ ወንዶች ስላጋጠሙኝ ነው የምጽፈው። የአገልግሎት ዘመኗን ለማስረዳት ስንል ከገጠር ዘመኗ ጀምሮ ያሉትን የቅጥር፣ የዝውውርና የእድገት ደብዳቤዎች ከአንድ ፌስታል ውስጥ አውጥተን በየዓመቱ ስንደረድር፣ ሰዎች በለቅሶ ላይ የነገሩን ታሪኮች የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በዚያው ታወቀ። «ያ የደረቀ ዓመት» የተባለው የትኛው እንደሆነ ያረጋገጥነው ከአንድ የዝውውር ደብዳቤ ነው። ስለዚህ እነዚህን ደብዳቤዎች የጡረታው ጉዳይ ካለቀ በኋላ አትጣሉ።

ተዝካሩን በተመለከተ ከሽማግሌዎቹ ጋር ረጅም ንግግር አድርገናል። ልጆቼ ገንዘቡ ሁሉ ለጤና ጣቢያ ይሰጥ አሉ፤ የእርሷ ታላቅ እኅት ግን ለነፍሷ የሚደረገው አይቀነስም ብለው አለቀሱ። ሁለቱም እርሷን በመውደድ የሚናገሩ ስለሆነ አንዱን በሌላው ማሸነፍ ተገቢ አልመሰለኝም። አርባዋን በመጠኑ፣ ካህናትና ነዳያን ባሉበት አደረግን፤ በተረፈው ገንዘብ ምን ይሠራ የሚለውን ግን እኛ ከመወሰን ይልቅ የመጨረሻ ጊዜዋን የሠራችበትን ጤና ጣቢያ ጠየቅን። እኛ ያሰብነው በስሟ የተጻፈበት የድንጋይ ሰሌዳ ነበር። አዋላጆቹ የፈለጉት ለእናቶች ማቆያ ክፍል ብርድ ልብስ፣ ለገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ፣ የልብስ ሳሙና ነበር። የጠየቁትን ሰጠን፤ በየዓመቱም ሙት ዓመቷ ሲደርስ እንደ አቅማችን እናደርገዋለን።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስቡ ቤተሰቦች ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ሁልጊዜ አለ፤ ጎረቤትም ቢሆን በቅርብ ይገኛል። ከሁሉ አስቀድሞ መፈለግ ያለባቸው በሥራዋ መጀመሪያ ዓመታት አብረዋት የነበሩት ጡረተኛ ባልደረቦች፣ በተለይም ጤና ረዳቶች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የአምቡላንስ ሾፌሮች ናቸው። ሐኪሞች ተዛውረው ይሄዳሉ፤ እነዚህ ግን ሌሊቱን አብረዋት ያሳለፉ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። እኛ ያነጋገርናቸው ያ ጡረተኛ ጤና ረዳት በሚቀጥለው ክረምት አርፈዋል፤ የነገሩን ሁሉ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ለልጆቻቸው ሰጥተናል።